ብስል ከጥሬ፦ «ሱ ቪድ»ን በአማርኛ ስለ መሰየም፣ ከላስታ ደጋ የዶሮ አበሳሰል አንጻር

መግቢያ

አንድን ባዕድ የሙያ ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ብዙውን ጊዜ የሚያሳስቡት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ቃሉ ለጆሮ እንዲጥም፣ ለሰዋስው እንዲመችና ለአንባቢ እንዲገባ። አንዳንድ ቃላት ግን ከነዚህ ሌላ አራተኛ ግዴታ አለባቸው፤ ይኸውም የሚያነባቸውን ሰው ከጉዳት መጠበቅ ነው። የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የኤሌክትሪክ አጠቃቀምና የፀረ ተባይ አረጫጨት ቃላት የዚህ ወገን መሆናቸውን ማንም አይክድም። የምግብ አበሳሰል ቃላትም ከዚሁ ወገን ናቸው ቢባል ግን ወዲያው የሚቀበለን ላይበዛ ይችላል፤ ወጥ የምትሠራ ባለሙያ ከእናቷ በተማረችው እጇ እንጂ በመዝገበ ቃላት አትመራምና። ነገሩ የሚለወጠው አበሳሰሉ ከውጭ አገር በጽሑፍ የመጣ፣ በዓይን ታይቶና በእጅ ተዳሶ የማይታወቅ ሲሆን ነው። በዚያን ጊዜ እጅን የሚመራው ቃሉ ብቻ ይሆናል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ፈረንሳዮች «ሱ ቪድ» የሚሉት ስልት ነው። በዚህ ስልት ሥጋው አየሩ በወጣለት ከረጢት ውስጥ ይታሸጋል፤ ከዚያም ከመፍያው በታች በሆነና በማይዋዥቅ ሙቀት በተያዘ ውሃ ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት ይቆያል። ዶሮን በዚህ ዓይነት አስቀድሞ አብስሎ፣ በመጨረሻ በጋለ ዘይት አጥልቆ ለጥቂት ደቂቃ መጥበስ የስልቱ አንድ ዘርፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ ስልቱ በአማርኛ ምን ቢባል እንደሚሻል እንመረምራለን። ለምርመራችንም የላሊበላን ከተማና የላስታን ደጋ መርጠናል፤ ምክንያቱም ቦታው ከፍተኛ በመሆኑ «ማፍላት» እና «መቀቀል» የሚባሉት ቃላት ምን እንደሚለኩና ምን እንደማይለኩ ከሌላ ቦታ ይልቅ ግልጽ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። በተጨማሪም ላሊበላ በየዓመቱ ለልደት በዓል ብዙ ምእመናን፣ በሌላውም ጊዜ ከልዩ ልዩ አገር ጎብኚዎች የሚመጡባት ከተማ ናት፤ ዶሮ ወጥና የፈረንጅ ጥብስ በአንድ ወጥ ቤት ጎን ለጎን በሚሠሩባት ከተማ የሁለቱን ወገን ቃላት አለመቀላቀል የየዕለት ሥራ ነው።

1. የነገሩ ምንነት

ስያሜ ከመፈለግ በፊት የሚሰየመውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሥጋን ዝቅ ባለ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ማብሰል በራሱ ዐዲስ ሐሳብ አይደለም። ካውንት ራምፎርድ በሚል ማዕረጉ የሚታወቀው ቤንጃሚን ቶምፕሰን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ድንች ለማድረቅ በተሠራ መሣሪያ ውስጥ የበግ ሥጋ አስቀምጦ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ሲያድር ለስልሶ መብሰሉን ገልጿል። በከረጢት ማሸጉ ግን የኋላ ነገር ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ዦርዥ ፕራሉስ የተባለ ፈረንሳዊ የወጥ ቤት ባለሙያ፣ ሮአን በምትባለው ከተማ በሚገኘው የትሯግሮ ቤተሰብ ምግብ ቤት የዝይ ጉበት ሲበስል ስቡ ቀልጦ እንዳያልቅ በፕላስቲክ ጠቅልሎ የማብሰል ሙከራ አደረገ። በዚያው ዘመን ብሩኖ ጉሶ የተባለው ተመራማሪ ለየሥጋው ዓይነት የሚስማማውን ሙቀትና ጊዜ አጠና። የመጀመሪያው ከረጢቱን፣ ሁለተኛው ልኩን ሰጡ ማለት ይቻላል። ስልቱን በዓለም የጠራው ስም ግን የከረጢቱ ሆኖ ቀረ፤ «ሱ» ሥር፣ «ቪድ» ባዶ ማለት ነውና።

የስልቱ ጥቅም በሥጋ ባሕርይ ላይ የተመሠረተ ነው። የዶሮ ሥጋ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፍ ሲል መርጋት ይጀምራል። ከ65 ወይም ከ70 ዲግሪ በላይ እየወጣ ሲሄድ የጡንቻው ክሮች ይኮማተሩና በውስጣቸው ያለውን ውሃ ጨምቀው ያስወጣሉ፤ በብዛት የተቀቀለ የዶሮ ደረት ደርቆ አፍ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ክሮቹን የሚያያይዘው ጅማት መሰል ክፍል ደግሞ ከ60 ዲግሪ ወዲያ ቀስ በቀስ ይቀልጣል፤ ለዚህም ጊዜ ይፈልጋል። እንግዲህ ሙቀቱን በመካከል ይዞ ጊዜውን ማስረዘም ሥጋው ሳይደርቅ እንዲለሰልስ ያደርገዋል።

የጤናው ጉዳይ የተያያዘው ከዚህ ጋር ነው። በዶሮ ሥጋ የሚገኙት እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ተሕዋስያን የሥጋው እምብርት 74 ዲግሪ በደረሰ ጊዜ ወዲያው ይሞታሉ። በ60 ዲግሪም ይሞታሉ፤ ነገር ግን እምብርቱ በዚያ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። ከዚያ በታች ወርዶ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ክልል ለረጅም ሰዓት የቆየ ሥጋ ግን ለተሕዋስያኑ መራቢያ ይሆናል። አየሩ መውጣቱም አይገድላቸውም፤ እንዲያውም አየር በሌለበት የሚራቡ አደገኛ ተሕዋስያን አሉ። ስለሆነም በእሽጉ የበሰለ ዶሮ ወዲያው የማይጠበስ ከሆነ በበረዶ ውሃ ፈጥኖ ቀዝቅዞ ከ5 ዲግሪ በታች መቀመጥ ይኖርበታል። በሥራው መካከል መብራት ቢቋረጥና ውሃው ቢቀዘቅዝም ነገሩ እንደ ተራ መቋረጥ መታየት የለበትም።

2. የደጋው ውሃ

ትምህርት ቤት ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ ይነገረናል። ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ጠረፍ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ የውሃው መፍያ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃዋ የሚፈላው ከ91 እስከ 92 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ከከተማዋ በላይ ከ4,000 ሜትር ከፍ ብሎ በሚታየው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ወደ 86 ዲግሪ ይወርዳል። በአንጻሩ ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርድ ሰው በየደረጃው የሚሞቅ የፈላ ውሃ ያገኛል። በአንድ ላስታ ውስጥ «የፈላ ውሃ» የሚለው ስም ለልዩ ልዩ ሙቀቶች የሚሰጥ መጠሪያ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በውሃ የሚቀቀል ነገር ሁሉ በደጋ ይዘገያል፤ እሳቱን ማብዛት ውሃውን ፈጥኖ ይጨርሰዋል እንጂ ሙቀቱን ከመፍያው አያሳልፈውም። ማገዶ ውድ በሆነበት ደጋ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ መጥበስም ይነካል። ጥሬ ዶሮ በጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ በሥጋው ያለው ውሃ ተንኖ እስካላለቀ ድረስ የውስጡ ሙቀት ከውሃ መፍያ አያልፍም። ዘይቱን ግን ከፍታው አይገታውም፤ እንደ ምድጃው ኃይል 180 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይግላል። ስለዚህ በላሊበላ ጥሬው የተጠበሰ ዶሮ ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ ከላይ ይጠቁራል፤ አጥንቱ አጠገብ ግን ደም ደም ሊል ይችላል። የዚህ መፍትሔ የዘይቱን ሙቀት ከ10 ዲግሪ በላይ ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ መጥበስ፣ ወይም ዶሮውን አስቀድሞ አብስሎ ዘይቱን ለመልኩና ለቅርፊቱ ብቻ መጠቀም ነው። ሦስተኛ፣ በ65 ወይም በ68 ዲግሪ የሚያበስለው ስልት ከመፍያው በታች ስለሚሠራ በምፅዋም ሆነ በላሊበላ ያው ነው። ከፍታ የማይለውጠው የውሃ አበሳሰል ይህ ብቻ ነው።

የዶሮ ጥብስን አስቀድሞ በውሃ አብስሎ መጥበስ ለአገራችን ወጥ ቤት እንግዳ አለመሆኑንም እናስታውሳለን። ከጣሊያንኛ በመጣ ስሙ «ዶሮ አሮስቶ» የሚባለው የምግብ ቤቶች ምግብ ብዙ ጊዜ ተቀቅሎ የሚጠበስ ነው። ስለዚህ ተርጓሚው የሚያስተዋውቀው ፍጹም ባዕድ ነገር ሳይሆን፣ ከሚታወቀው ሥራ በሙቀቱ ልክና በእሽጉ የሚለይ ነገር ነው። ልዩነቱን በስያሜው ካላሳየ ግን አንባቢው የሚያውቀውን ይሠራል።

3. የማብሰል ግሦች

አማርኛ ለማብሰል ድሀ ቋንቋ አይደለም። በ1951 ዓ.ም. የታተመው የከሣቴ ብርሃን ተሰማ፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ሁለቱም ከፕራሉስ ሙከራ የቀደሙ ስለሆኑ ስልቱን እንዲይዙ አይጠበቅም። ግሦቹ ግን ዱሮም ነበሩ፤ አሠራራቸውንም ማስተዋል ይበቃል።

«ቀቀለ» ውሃንና መፍላትን በአንድነት ይጠይቃል፤ እንቁላል፣ ድንች፣ ባቄላ፣ ሥጋ ይቀቀላል፤ «ቅቅል» የወጥ ስም እስከ መሆን ደርሷል። «ነፈረ» የእህል ነው፤ «ንፍሮ» የወጣው ከርሱ ነው። «ፈላ» የፈሳሹን እንጂ በውስጡ ያለውን ነገር ሁኔታ አይናገርም። «ተንተከተከ» ለወፍራም ወጥ ይስማማል፤ ሽሮው ሲንተከተክ ይሰማል፣ ይታያልም። «ቆላ» የደረቅ እሳት ነው፤ ከርሱ የተወለደው «አቁላላ» ግን ሽንኩርቱንና በርበሬውን ይዞ ወደ ቁሌት ሄዷል። «ጋገረ» የሊጥ ነው። «ጠበሰ» ፍሙንም፣ መጥበሻውንም፣ ዘይቱንም ይይዛል።

ከነዚህ ሁሉ በላይ የቆመው «በሰለ» ነው። «በሰለ» የእሳቱን ዓይነት፣ የውሃውን መኖር፣ የመፍላቱን ግዴታ አያነሣም፤ የሚናገረው ነገሩ የደረሰበትን ሁኔታ ነው። ስለዚህም ሙዝ በዛፍ ላይ፣ ዳቦ በምድጃ፣ ወጥ በድስት፣ ሰውም በዕድሜ ይበስላል። ተቃራኒው «ጥሬ» ነው፤ «ብስል ከጥሬ» የሚለው አባባል የሁለቱን መለየት የማስተዋል ምልክት አድርጎታል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 ቁጥር 9 ስለ ፋሲካው በግ የተሰጠው ትእዛዝም ጥሬውን፣ በውሃ የበሰለውንና በእሳት የተጠበሰውን ሦስት አድርጎ ይለያል፤ የማብሰያ መንገዶችን በቃል መለየት የቆየ ፍላጎት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከዚህ የምናገኘው የመጀመሪያ ውሳኔ ግልጽ ነው። በ65 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ያለ ዶሮ አይቀቀልም፣ አይፈላም፣ አይንተከተክም፤ ይበስላል። «ቀቅለው» የተባለ ባለሙያ ውሃውን ያፈላዋል፤ ቢያፈላውም ጥፋቱ የርሱ ሳይሆን የተርጓሚው ነው።

4. የእጅና የዓይን ሙቀት

ሁለተኛው ችግር ሙቀትን የሚገልጹት ቃላት ናቸው። በአማርኛ ውሃ «ቀዝቃዛ»፣ «ለብ ያለ»፣ «ሞቅ ያለ»፣ «ትኩስ»፣ «የሚያቃጥል»፣ «የፈላ» ይባላል። እነዚህን ቃላት ጠጋ ብለን ስናያቸው ለካዎቻቸው ሁለት መሆናቸውን እንረዳለን። ከ«ቀዝቃዛ» እስከ «የሚያቃጥል» ያሉትን የሚለካው እጅ ነው። ለብ ያለ ውሃ የሕፃን ገላ የሚታጠብበት፣ ሊጥ የሚቦካበት፣ ከሰው ገላ ሙቀት ብዙ የማይርቅ ነው። እጅ ከ50 ዲግሪ አልፎ መታገሥ ስለማይችል ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ለርሱ አንድ ነው፤ «ያቃጥላል»። «የፈላ»ን የሚለካው ደግሞ ዓይን ነው፤ ውሃው ሲገላበጥ ያያል።

የስልቱ ሙቀት ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ያለ ውሃ ለእጅ እሳት ነው፤ ለዓይን ግን ጸጥ ያለ ነው። እጅ ሊለየው አይችልም፤ ዓይንም ምንም የሚያየው ነገር የለም። ስለዚህ ቋንቋው ለዚህ ክልል ስም አለማውጣቱ ጉድለት አይደለም፤ ለመሰየም የሚያበቃ ምልክት አልነበረውምና። እዚህ ክልል ውስጥ የሚያይ ዓይን ቴርሞሜትር ብቻ ነው። በመሆኑም ተርጓሚው «ዝቅ ያለ ሙቀት» የሚለውን ሐረግ በተለመደ ቅጽል ለመተካት ሲሞክር ወይ ወደ «ለብ ያለ»፣ ወይ ወደ «የፈላ» መውደቁ አይቀርም። የመጀመሪያው ዶሮውን ጥሬ አድርጎ ተሕዋስያን ያራባበታል፤ ሁለተኛው ስልቱን ያጠፋዋል። ከሁለቱ የሚብሰው የመጀመሪያው ነው።

ከዚህ ጋር የሚታይ ሌላ ወጥመድ «ለብለብ» ነው። ክትፎ ጥሬ፣ ለብለብ ወይም የበሰለ ተብሎ ስለሚታዘዝ፣ በዝቅተኛ ሙቀት የበሰለን ዶሮ «ለብለብ ዶሮ» ማለት በመጀመሪያ ሲሰማ ተስማሚ ይመስላል። ነገር ግን «ለብለብ» ማለት እሳቱ ትንሽ፣ ጊዜውም አጭር፣ ሥጋውም ገና ከጥሬው ያልራቀ ማለት ነው። እኛ የምንሰይመው ስልት ሙቀቱ ዝቅ ያለ፣ ጊዜው ግን ረጅም፣ ሥጋውም ፈጽሞ የበሰለ ነው። በአንድ ባሕርይ ተመሳስሎ በሁለት የሚለያይ ቃል ፈጽሞ ከማይመሳሰል ቃል ይልቅ ያሳስታል።

5. የቀረቡ አማራጮች

በስያሜ ሥራ የተለመደው መንገድ አስቀድሞ በራሱ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በግእዝና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች መፈለግ፣ በመጨረሻም የባዕዱን ቃል እንዳለ መቀበል ነው። አማራጮቹን በዚህ መሠረት እንመዝናለን።

ሀ) «ከባዶ ሥር ማብሰል»። ይህ የፈረንሳይኛው ቃል በቃል ፍቺ ነው። በአማርኛ ባዶ የሚሆነው ድስቱ ወይም ከረጢቱ እንጂ «ባዶ» የሚባል ሥር ያለው ነገር የለም። ባዶ ድስት መጣድም በአገራችን የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም።

ለ) «በኦና ማብሰል»። «ኦና» ሰው የለቀቀው ቤት ነው፤ አየር ለለቀቀው ነገር በምሳሌነት ሊወሰድ ይችላል፣ ለፊዚክስም ያገለግል ይሆናል። ለምግብ ግን ሁለት ችግር አለበት። ከረጢቱ ኦና አይደለም፤ ዶሮው በውስጡ አለ። ከዚህም በላይ አየር መውጣቱን የሥራው ዋና ነገር ያስመስለዋል። አንባቢው አየሩ ከወጣ ሥጋው ንጹሕ ሆኗል ብሎ ቢያስብ ስሙ አሳስቶታል።

ሐ) «አሽጎ መቀቀል»። «አሽጎ» ትክክል ነው፤ «መቀቀል» ግን ከላይ በተገለጸው ምክንያት አይሆንም።

መ) «የእሽግ ብስል»። አጭርና ቀና ነው። ሆኖም «የታሸገ ምግብ» በቆርቆሮ ታሽጎ ለሚሸጠው ስለተለመደ አንባቢው ወደ ሱቅ እንጂ ወደ ወጥ ቤት አይሄድም። ሙቀቱንም አይናገርም።

ሠ) «ሱ ቪድ»። የባለሙያዎች መግባቢያ በመሆኑ ጨርሶ ልንጥለው አይገባም። ነገር ግን በአማርኛ ዘር የማያወጣ፣ ግሥ የማይሆን፣ ለማያውቀው አንባቢም ምንም የማይጠቁም ቃል ነው። መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ በቅንፍ ቢቀመጥ ይበቃል።

ረ) «በልክ ሙቀት ማብሰል»። እኛ የምንደግፈው ይህንን ነው። «ልክ» በአማርኛ መለኪያም ትክክልም ነው፤ ስፌቱም፣ ጫማውም፣ ንግግሩም ልክ ይሆናል። በሳይንስ ትምህርት የተለመደውን «መጠነ ሙቀት» እዚህ ብናስገባ «ልክ» እና «መጠን» ይደራረባሉ፤ ስለዚህ «ልክ ሙቀት» ብቻውን የተለካ፣ የተወሰነና የማይዋዥቅ ሙቀትን ይገልጻል። የስያሜው ትልቁ ጥቅም ግን አንባቢውን «ልኩ ስንት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ማስገደዱ ነው። «ለብ ያለ» ይህን ጥያቄ አያስነሣም፤ «ልክ» ቁጥሩን እስኪያገኝ ድረስ ጎዶሎ ነው።

«በልክ» ከመጠን አለማለፍንም ስለሚያመለክት ሊምታታ ይችላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ስለሆነም በሙያ ጽሑፍ «ሙቀት» የሚለው ስም እንዳይቀር እናሳስባለን። በምግብ ቤት ዝርዝር ላይ «በልክ የበሰለ ዶሮ» ቢባል ግን ተመጋቢው የሚረዳው ሳይበዛና ሳያንስ የበሰለ መሆኑን ነው፤ ይህም ስልቱ የሚፈልገው ውጤት በመሆኑ ጉዳት የለውም።

6. መጥበሱና የቦዝ አንቀጽ አደጋ

«ጠበሰ» ፍምን፣ መጥበሻንና ዘይትን በአንድነት ስለሚይዝ በብዙ ዘይት የሚደረገውን መጥበስ መለየት ያስፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ የሚታየው «ጥልቅ ጥብስ» የእንግሊዝኛውን ቃላት ተከትሎ የተሠራ ነው፤ በአማርኛ ጥልቅ የሚሆነው ባሕሩ፣ ጉድጓዱና ሐሳቡ እንጂ ጥብሱ አይደለም። ጥልቁ ዘይቱ ነው፤ የሚጠልቀውም ሥጋው ነው። ስለዚህ ለግሡ «በዘይት አጥልቆ መጥበስ»፣ ለስሙ «የጥልቅ ዘይት ጥብስ» እንዲባል እናቀርባለን። ቦምቦሊኖና ሳምቡሳ የሚጠበሱት በዚሁ መንገድ ስለሆነ ነገሩ ለአንባቢው ሩቅ አይደለም።

አሁን ሁለቱን ሥራዎች ማያያዝ ይቀረናል። አማርኛ የሥራ ቅደም ተከተልን በቦዝ አንቀጽ ይገልጻል፤ «አብስሎ መጥበስ» ማለት መጀመሪያ ማብሰል ቀጥሎ መጥበስ ነው። «ከመጥበስ በፊት ማብሰል» የሚለው የባዕድ አቀማመጥ እዚህ አያስፈልግም። ነገር ግን ቦዝ አንቀጽ ሁለት ሥራ አለው። በ«አብስሎ መጥበስ» ውስጥ ቀዳሚውን ሥራ፣ በ«አጥልቆ መጥበስ» ውስጥ ደግሞ የአሠራሩን ሁኔታ ያመለክታል። «አሽጎ በልክ ሙቀት አብስሎ በዘይት አጥልቆ መጥበስ» ብለን ሦስቱን ብንደረድር ሰዋስዉ አይጎድልም፤ ሆኖም ማሸጉ ለማብሰሉ ብቻ ይሁን ለመጥበሱም ጭምር አይታወቅም። ስልቱን የማያውቅ አንባቢ ዶሮውን ከነፕላስቲኩ ዘይት ውስጥ ሊጨምረው ይችላል። ውሃውን ሳያደርቅ ቢጨምረውም የጋለው ዘይት ፈንጥቆ ያቃጥለዋል። እንግዲህ በዚህ ቦታ ዐረፍተ ነገሩን ቆርጦ «ከእሽጉ አውጥቶ፣ አድርቆ» የሚለውን ማስገባት የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ አይደለም።

የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ስለ ራሱ ስለ «ዶሮ» ነው። የውጭው ጽሑፍ ዶሮ ሲል ብዙ ጊዜ የሚያስበው በጥቂት ሳምንታት ለሥጋ የደረሰውን ነው። በላስታ ደጅ እየጫረች ያደገችው የሐበሻ ዶሮ ጅማቷ የጠና ስለሆነ በዚያ ሰዓት አትለሰልስም፤ ከዚያ የረዘመ ሰዓት ትፈልጋለች። አማርኛ ለልዩነቱ ቃል አለው፤ «ጫጩት»፣ «ቄብ»፣ «አውራ ዶሮ» እንላለን። ዕድሜው በታወቀበት ቦታ ሁሉ «ቄብ» የሚለውን መጠቀም ትርጉሙን ያቀናዋል።

7. ምሳሌና የውሳኔ ሐሳብ

ልዩነቱ እንዲታይ አንድን መመሪያ በሁለት ዓይነት እንጻፈው።

የተሳሳተው፦ «ዶሮውን በቫኪዩም አሽጎ ለብ ባለ ውሃ ለሁለት ሰዓት ቀቅሎ በጥልቅ መጥበስ።»

የታረመው፦ «የቄብ ዶሮ ታፋዎችን ጨው ነስንሶ፣ ሙቀት በሚችል ከረጢት አየሩን አስወጥቶ ማሸግ። በ68 ዲግሪ ልክ ሙቀት በተያዘ ውሃ ውስጥ ለ2 ሰዓት ማብሰል፤ ውሃው ከዚህ እንዳይወርድ መጠበቅ። ከዚያ ከእሽጉ አውጥቶ በጨርቅ ፈጽሞ ማድረቅ፣ ዱቄት ማልበስ። በመጨረሻም 175 ዲግሪ በደረሰ ዘይት አጥልቆ፣ መልኩ እስኪቀላና ቅርፊቱ ኩርሽም እስኪል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ መጥበስ።»

ሁለተኛው ረዝሟል፤ የረዘመበት ቃል ሁሉ ግን ሥራ አለው። ስለዚህ ለመዝገበ ቃላት የሚከተሉትን ፍቺዎች እናቀርባለን።

ልክ ሙቀት፦ (ስም) አስቀድሞ በዲግሪ የተወሰነ፣ ሥራው እስኪያልቅ ሳይዋዥቅ የሚቆይ፣ ውሃ በቦታው ከሚፈላበት በታች የሆነ የማብሰያ ሙቀት።

በልክ ሙቀት ማብሰል፦ (ግሣዊ ሐረግ) ምግብን በልክ ሙቀት ለተወሰነ ጊዜ አቆይቶ እስከ እምብርቱ ማብሰል። ዲግሪውና ጊዜው አብረው ካልተጠቀሱ ሐረጉ አልተሟላም።

አሽጎ በልክ ሙቀት ማብሰል፦ (ግሣዊ ሐረግ) ምግቡ አየር በወጣለት ከረጢት ታሽጎ በውሃ ውስጥ የሚደረግ በልክ ሙቀት ማብሰል፤ ሱ ቪድ።

በዘይት አጥልቆ መጥበስ፦ (ግሣዊ ሐረግ) ምግብን ሙሉ በሙሉ በሚሸፍነው የጋለ ዘይት ውስጥ መጥበስ። ስሙ፦ የጥልቅ ዘይት ጥብስ።

በመጀመሪያው ፍቺ «በቦታው» የሚለው ቃል የገባው ስለ ላሊበላ ነው። «ከ100 ዲግሪ በታች» ብለን ብንጽፍ ኖሮ በላስታ ደጋ የሚንተከተክ ድስት ሁሉ በልክ ሙቀት የሚያበስል ይሆን ነበር። ለባሕር ጠረፍ ብቻ የሚሠራ ፍቺ ለደጋ አገር መዝገበ ቃላት አይበቃም።

በላስታና በአጎራባቹ ዋግ የሚሠሩ የቃላት ሰብሳቢዎች በአማርኛም ሆነ በኽምጣንጋ ሦስት ነገር ቢጠይቁልን ሥራው ወደፊት ይራመዳል፤ ከመፍላቱ በፊት ውሃው ድምፅ ሲያሰማ ምን ይባላል፣ ከታች ትናንሽ አረፋ ሲያወጣ ምን ይባላል፣ ሥጋ ሳይፈርስ ሲለሰልስስ ምን ይባላል? ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ የተለመደ ስም ከተገኘ፣ እዚህ ያቀረብነውን ሐረግ ለማሳጠር ወይም ለመተካት ዝግጁ ነን። እስከዚያው ግን ተርጓሚው ስሙን ከቁጥሩ ሳይለይ ይጻፍ።